የፊልም መጨረሻ

የፊልም መጨረሻ (ፍጻሜ ወይም መቋጫም ይባላል) የአንድ ፊልም ታሪክ የሚያርፍበት የመጨረሻው ክፍል ነው። ከታሪኩ ጡዘት ቀጥሎ የሚመጣውን ልቀት፣ የመጨረሻውን ምስል፣ አንዳንድ ጊዜም ከምስሉ በኋላ በጽሑፍ የሚቀርበውን ማብራሪያ ያጠቃልላል። ተመልካቹ ከአዳራሽ ሲወጣ በአእምሮው ትኩስ ሆኖ የሚቀረው ይህ ክፍል ስለሆነ፣ ፊልሙ ሲያነሳው የቆየውን መልእክት የሚያጸናውም የሚያፈርሰውም ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው። በኢትዮጵያ ፊልም ይህ ጉዳይ በግልጽ ከሚታይባቸው ሥራዎች አንዱ ስለ ጠለፋ የተሠራው «ድፍረት» (እ.ኤ.አ. 2014) ነው። ከእርሱ በፊትም የኃይሌ ገሪማ ፊልሞች በአጨራረሳቸው ሲያነጋግሩ ኖረዋል።

መቋጫ እና መልእክት

በኢትዮጵያ የአፍ ተረት ነጋሪው ታሪኩን ከጨረሰ በኋላ ትምህርቱን ለብቻው ይናገራል፤ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎም ይዘጋል። ታሪኩና ትምህርቱ ተለያይተው የሚቀመጡ ስለሆኑ አድማጩ ትምህርቱን ባይቀበል እንኳ ተረቱ ተረት ሆኖ ይቀራል። ፊልም ግን አብዛኛውን ጊዜ ነጋሪ የለውም። ገጸ ባሕርያቱ የደረሱበት ቦታ ራሱ ትምህርት ይሆናል፤ ማን ዳነ፣ ማን ተቀጣ፣ ማን ባዶ እጁን ቀረ የሚለውን ተመልካቹ እንደ ፍርድ ይወስደዋል። ብዙ የአማርኛ ፊልሞች ይህን ባለማመን ይመስላል የተረት ነጋሪውን በጓሮ በር መልሰው ያስገቡታል፤ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አንድ አባት፣ አንድ ሐኪም ወይም አንድ ሽማግሌ ብቅ ብሎ ሁላችንም ያየነውን ነገር ይነግረናል።

ስለ አጨራረስ ከተጻፉት ሐሳቦች ቀደምት ከሆኑት አንዱ የግሪካዊው ፈላስፋ የአርስቶትል ነው። አርስቶትል ስለ ድርሰት በጻፈው መጽሐፉ የታሪክ መፍቻ ከታሪኩ ከራሱ መውጣት እንዳለበት ያስተምራል፤ የዩሪፒደስ ተውኔት ጀግና ሜዲያ በመጨረሻ ከሰማይ በመጣ ሠረገላ ማምለጧንም የዚህ ጉድለት ምሳሌ አድርጎ ይጠቅሳል። መለኪያው ዛሬም ያገለግላል። አንድ ፊልም አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ የቤት ኪራይና ሥራ አጥነት አንድን ቤተሰብ እንዴት እንደሚበትን አሳይቶ በመጨረሻው አምስት ደቂቃ ከአሜሪካ የመጣ አጎት ዕዳውን ሁሉ ቢከፍል፣ ስለ ኪራይ የተባለው ሁሉ ስለ አጎት የተባለ ይሆናል።

ሁለተኛው መለኪያ ዋጋ ነው። ድል በመጨረሻ ቢመጣም ማን ምን ከፍሎበት እንደመጣ ፊልሙ ካልቆጠረ፣ ቀደም ብሎ ያሳየው ችግር ቀላል ችግር ነበር ማለት ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ ደስ የሚል ፍጻሜ በራሱ ደካማ፣ አሳዛኝ ፍጻሜም በራሱ ጥልቅ አይደለም። ዋና ገጸ ባሕርይን መግደል ታሪክ የት እንደሚያርፍ ላላወቀ ደራሲ ከሠርግ የማይተናነስ አቋራጭ ነው።

ድፍረት

«ድፍረት» በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ተጽፎ የተዘጋጀ የአማርኛ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የሰንዳንስ ፌስቲቫል በዓለም አቀፍ ድራማ ዘርፍ የተመልካቾችን ሽልማት፣ በዚያው ዓመት በበርሊን ፌስቲቫል በፓኖራማ ክፍል እንዲሁ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ተዋናይት አንጀሊና ጆሊ ከፊልሙ አስፈጻሚ ፕሮዲውሰሮች አንዷ ነበረች። ታሪኩ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ በተፈጸመ እውነተኛ ድርጊት ላይ ነው። የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ተደፈረች፤ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ተኩሳ ገደለችው፤ በነፍስ ግድያም ተከሰሰች። ጥብቅና የቆመላት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሲሆን፣ ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። በፊልሙ ውስጥ ልጅቷ ሂሩት ተብላ ትዝታ ሐገሬ፣ መዓዛን ደግሞ ሜሮን ጌትነት ተጫውተዋቸዋል።

የፊልሙ ርዕስ በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። ድፍረት ጀግንነት ነው፤ ከዚያው ሥር የሚወጣው መደፈር ደግሞ በልጅቷ ላይ የደረሰው ግፍ ነው። ከእነዚህ ሁለት ትርጉሞች የትኛው ይዞ እንደሚወጣ የሚወስነው መጨረሻው ነው። ፍርድ ቤቱ ቢፈርድባት ኖሮ ፊልሙ ስለ መደፈር ብቻ በሆነ ነበር። በነፃ ተሰናብታ በእልልታ ወደ እናት አባቷ ቤት ብትመለስ ደግሞ ስለ ጀግንነት ብቻ በሆነና ግፉ በተረሳ ነበር።

ፊልሙ ሁለቱንም መንገድ አልሄደበትም። ፍርድ ቤቱ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው መሆኑን ተቀብሎ በነፃ ያሰናብታታል። ነገር ግን በፊልሙ ውስጥ የሚቀመጠው ችሎት አንድ ብቻ አይደለም። በመንደሯ ዛፍ ሥር ሽማግሌዎች ተሰብስበው በባህሉ መሠረት ጉዳዩን መርምረዋል፤ በእነርሱ ዘንድ ዋናው ነገር የፈሰሰው ደም ነው። ስለዚህ ሂሩት በሕግ ነፃ ብትወጣም ወደ ቤቷ መመለስ አትችልም። ከተማው ፈትቷታል፤ መንደሩ አልፈታትም። በእውነተኛው ታሪክም እንዲሁ ሆኗል፤ ልጅቷ በፍርድ ቤት ነፃ ከወጣች በኋላ ከትውልድ ቀዬዋ ርቃ ለመኖር ተገድዳለች።

ይህ አጨራረስ መልእክቱን የሚያጠነክረው በሚከተለው ምክንያት ነው። በወቅቱ ሥራ ላይ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ቢያደርገውም፣ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። ሕጉና ሽምግልናው የሚጣሉ ይመስሉ እንጂ በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ነበሩ፤ ሁለቱም ጠለፋን በጋብቻ ይዘጉታል። ፊልሙ በፍርድ ቤቱ ጭብጨባ ቢያበቃ ኖሮ ችግሩ ያለው በአንድ መንደር ልማድ ውስጥ ብቻ፣ መድኃኒቱም በከተማ ፍርድ ቤት ውስጥ ነው የሚል ቀላል መልእክት ባስተላለፈ ነበር። ሂሩትን ነፃ ግን ቤት አልባ አድርጎ መተዉ ለተመልካቹ የቤት ሥራ ይሰጠዋል። አንድ ጉዳይ ማሸነፍና አንድ ልማድ መለወጥ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ሕጉ የተለወጠው ድርጊቱ ከተፈጸመ ከዓመታት በኋላ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ሴትን መጥለፍ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል፤ ጠላፊውና ተጠላፊዋ ከጊዜ በኋላ ቢጋቡም ጠላፊው ከተጠያቂነት አያመልጥም። ፊልሙ ሲወጣ ይህ ሕግ በሥራ ላይ ከዋለ አሥር ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ስለዚህ ፊልሙን «ሕጉ ይለወጥ» የሚል ጥሪ አድርጎ ማንበብ ስሕተት ነው፤ ክርክሩ ያለው ከሕጉ ወዲያ፣ ሂሩት መሄድ ባልቻለችበት መንገድ ላይ ነው።

ተቃራኒ ንባብም አለ። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚከተለው ጠበቃዋን እንጂ ልጅቷን አይደለም፤ ከችሎት የሚገኘው እርካታም በዋናነት የመዓዛ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ መጨረሻው ከተሜውንና የውጭ አገሩን ተመልካች እንዲጽናና ያደርገዋል። ይህ ነቀፌታ እውነትነት አለው፤ ሂሩት ከነፃነቷ በኋላ ምን ልትሆን እንደምትችል ፊልሙ የሚሰጠው ጊዜ ትንሽ ነው።

ከፊልሙ ውጭ ደግሞ ሌላ መጨረሻ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2014 አዲስ አበባ ላይ ፊልሙ ሊመረቅ ተመልካች ከተሰበሰበ በኋላ በፍርድ ቤት እግድ ምክንያት ሳይታይ ቀረ። የታሪኩ ባለቤት ታሪኳ ያለ ፈቃዷ ጥቅም ላይ ውሏል የሚል አቤቱታ አቅርባ ነበር። እግዱ ኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ለሕዝብ ታይቷል። ክስተቱ በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ፊልም ሁሉ ያለበትን ችግር ያሳያል፤ የገጸ ባሕርይዋ ታሪክ በመጨረሻው ምስል ይዘጋል፣ የሰውዬዋ ሕይወት ግን ይቀጥላል፣ ስለ አጨራረሱም የራሷ አስተያየት ይኖራታል። ስለ መዓዛም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ስለ ተሾሙ፣ ከዚያ ወዲህ ፊልሙን የሚያይ ሰው የችሎቱን ትዕይንት ከቀድሞው ተመልካች በተለየ ስሜት ያየዋል።

በኃይሌ ገሪማ ፊልሞች

በአሜሪካ የሚኖረው ኃይሌ ገሪማ ፊልሞቹን በእርቅም ሆነ በሠርግ አይዘጋም። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ጥቁርና ነጭ ሆኖ በዘውዱ ሥርዓት መውደቂያ ወቅት በኢትዮጵያ ገጠር የተቀረጸ ነው። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ ለባላባቱ ሲያርስ፣ ሲያጭድ፣ ሲያግድ በረጅሙ ይታያል። በመጨረሻ ባላባቱን የሚገድለው ጭሰኛው ሳይሆን ሰዉ እንደ እብድ የሚያየው ከበበ ነው፤ እርሱም እጅ ላለመስጠት ራሱን ያጠፋል። በዚያ ዘመን ከነበረው የአብዮት ስሜት አንጻር ሲታይ ይህ ያልተጠበቀ አጨራረስ ነው። የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ የሆነው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ፊልሙ ለተመልካች ሲደርስ ባላባትነት በሕግ ቀርቶ ነበር። ሆኖም ፊልሙ ድል አላበሠረም። አንድ ሰው በአንድ ሰው ዱላ ሞተ እንጂ ሦስት ሺህ ዓመት የቆየው ነገር በአንድ ቀን አላለቀም፤ የገዳዩም መጨረሻ ከሟቹ ብዙ አይርቅም።

«ሳንኮፋ» (እ.ኤ.አ. 1993) ርዕሱን የወሰደው ከጋና የአካን ሕዝብ ሲሆን ትርጉሙ ወደ ኋላ ተመልሶ የተረሳውን ማንሣት ነው። ሞና የተባለች አሜሪካዊት ሞዴል በጋና ጠረፍ በሚገኝ የባሪያ ንግድ ምሽግ ውስጥ ፎቶ ስትነሣ ወደ ኋላ ዘመን ተወስዳ በባርነት ትኖራለች። ስትመለስ ወደ ካሜራው አትሄድም፤ ከምሽጉ ወጥታ ባሕሩን እያዩ ከተቀመጡት ጋር ትቀላቀላለች። ፎቶ አንሺው ቢጠራት ዞር ብላ ሄዳ ቢሆን ኖሮ የሁለት ሰዓቱ መከራ ሕልም ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

ከሦስቱ ይበልጥ የሚያከራክረው «ጤዛ» (እ.ኤ.አ. 2008) ነው። ፊልሙ በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ የወርቅ ፈረሱን አሸንፏል። ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር በጀርመን ተምሮ፣ በደርግ ዘመን ወዳጁን አጥቶ፣ በአውሮፓ በዘረኞች ጥቃት እግሩን ተቆርጦ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. በጣና አካባቢ ወደሚገኘው የእናቱ መንደር ይመለሳል። እዚያም ልጆች ከአስገዳጅ ምልመላ ለማምለጥ ዋሻ ውስጥ ተደብቀው ይኖራሉ። ፊልሙ የአንድ ትውልድ ሕልም እንዴት በገዛ ልጆቹ እጅ እንደ ታነቀ የሚተርክ ነው፤ ርዕሱም ፀሐይ ሲወጣ የሚጠፋውን የማለዳ ጤዛ ያስታውሳል።

እንዲህ ያለ ፊልም በሞት ቢያበቃ ማንም አይገረምም ነበር። ኃይሌ ግን አንበርብርን የመንደሩ ልጆች አስተማሪ አድርጎ፣ ከአዛኑ ጋር የወለደውን ልጅ አሳይቶ ይዘጋል። አዲስ የተወለደ ሕፃን በፊልም ታሪክ ውስጥ እጅግ ያረጀ የተስፋ ምልክት ነው፤ ለአንዳንድ ተመልካች ይህ ከፊልሙ ምሬት ጋር የማይሄድ ሽልማት ይመስላል። አጨራረሱን የሚያድነው የአንበርብር ምኞት ማነሱ ነው። በወጣትነቱ አገር ሊለውጥ የተነሣው ሰው አሁን የሚይዘው ጠመኔ ነው። ሕዝቡን ከድንቁርና የሚያወጣ ሳይንቲስት ሆኖ አልተመለሰም፤ በክራንች የሚሄድ የመንደር አስተማሪ ነው። ተስፋው ትንሽ ስለሆነ ይታመናል።

የሕይወት ታሪክ ፊልሞች

ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ታሪክ የሚያቀርብ ፊልም የሚመርጠው ምን እንደሚሆን ሳይሆን የት እንደሚያቆም ነው። ራሰላስ ላቀውና ዴቪ ፍራንክል ያዘጋጁት «አትሌቱ» (እ.ኤ.አ. 2009) ስለ አበበ ቢቂላ ነው። የአበበ ሕይወት ለፊልም ብዙ መቆሚያ ያለው ነው፦ የ1960 የሮም ድል በባዶ እግር፣ የ1964 የቶኪዮ ድል፣ የ1969 የመኪና አደጋ፣ የ1973 ዕረፍት (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። በሮም ላይ ቢያቆሙት የአገር ኩራት፣ በአደጋው ላይ ቢያቆሙት የዕጣ ፈንታ ሐዘን ይሆናል። አዘጋጆቹ የመረጡት ከአደጋው በኋላ በኖርዌይ በረዶ ላይ ውሻ በሚጎትተው ስላይድ ያደረገውን ውድድር ነው። ብዙ ኢትዮጵያዊ የማያውቀው ክፍል ነበር። ፊልሙ በዚያ ላይ ማረፉ ስለ እግር የተባለውን ታሪክ ስለ መወዳደር ወደሚል ታሪክ ይለውጠዋል።

በገበያ ፊልሞችና በማስተማሪያ ድራማ

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በዲጂታል ካሜራ መሥራት ሲቀል በአዲስ አበባ የሚሠሩ የአማርኛ ፊልሞች ቁጥር በጣም ጨምሯል። አብዛኛው ገቢያቸው ከሲኒማ ቤት ትኬት ስለነበር፣ አጨራረሱ ተመልካቹን በፈገግታ የሚያሰናብት እንዲሆን ይፈለጋል። የፍቅር ኮሜዲዎች በእርቅ ወይም በሠርግ ያበቃሉ። ሀብታምና ደሃ የሚዋደዱበት ታሪክ ሲሆን ደሃው በመጨረሻ ሀብታም ሆኖ ወይም ሀብታም ዘመድ ተገኝቶለት ጥያቄው ይዘጋል፤ ፍቅር ገንዘብ አይመርጥም ሊል የተነሣ ፊልም ገንዘብ ሳይገኝ አይጠናቀቅም።

ይበልጥ ጉዳት ያለው የማስተማሪያ ፊልሞች አጨራረስ ነው። ኤች አይ ቪን በሚመለከቱ ድራማዎችና ፊልሞች ቫይረሱ የተገኘበት ገጸ ባሕርይ ተጸጽቶ መሞት ለረጅም ጊዜ የተለመደ መቋጫ ነበር። ዓላማው ማስጠንቀቅ ነው። ነገር ግን ሞቱ በታሪኩ ውስጥ የኃጢአት ደመወዝ ሆኖ ስለሚመጣ ተመልካቹ ከ«ተጠንቀቅ» ይልቅ «የዘራውን አጨደ» የሚለውን ይሰማል፤ መገለልን እንዋጋ ያለው ፊልም መገለልን ያጸድቃል። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ደግሞ ይህ መጨረሻ ከእውነታው ጋርም ተጣላ። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ሠርቶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ እየኖረ በፊልሙ ግን መሞቱን ቀጠለ። መመርመር የሚገባውን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ከመውሰድ ይልቅ የሚያስፈራራው እንዲህ ያለ መቋጫ ነው።

በዚህ ረገድ የሬዲዮ ድራማ የተሻለ መንገድ ነበረው። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር በኢትዮጵያ ያዘጋጀው «የቀን ቅኝት» እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በ257 ክፍሎች ተሰራጭቷል። የተሠራበት ዘዴ የሜክሲኮው የቴሌቪዥን ባለሙያ ሚጌል ሳቢዶ ያዳበረው ሲሆን፣ ጥሩ አርአያ፣ መጥፎ አርአያና በመካከል የሚዋልሉ ገጸ ባሕርያትን ጎን ለጎን ያስኬዳል። ዋናው ክብደት ያለው በሦስተኛዎቹ ላይ ነው። አድማጩ እነርሱ ሲሳሳቱ፣ ሲመለሱ፣ ደግመው ሲሳሳቱ ለወራት ስለሚከታተል መጨረሻቸው ድንገት ከላይ የወረደ ቅጣት አይሆንበትም። የሁለት ሰዓት ፊልም ይህን ያህል ጊዜ የለውም፤ ይህ እውነት ቢሆንም የመጨረሻውን የስብከት ደቂቃ ቀንሶ ለሚዋልለው ሰው መስጠት አይከለከልም።

የተለወጡ መጨረሻዎች

መጨረሻ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከሚያሳዩት ማስረጃዎች ዋነኛው ሳንሱርና ነጋዴ በቅድሚያ የሚነኩት እርሱን መሆኑ ነው።

በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1920 የወጣው «የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔ» ሥልጣኑን ለግድያ የሚጠቀም ሐኪም ታሪክ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ግን ተራኪው ራሱ የአእምሮ ሕመምተኛ፣ ሐኪሙም ደግ ሰው ሆኖ ይገኛል። የታሪክ ጸሐፊው ዚግፍሪድ ክራካወር እ.ኤ.አ. በ1947 በጻፈው መጽሐፍ ይህ መቋጫ ሥልጣንን የሚቃወመውን ታሪክ ሥልጣንን ወደሚደግፍ ታሪክ እንደ ገለበጠው ተከራክሯል። ከዓመታት በኋላ የተገኘው የመጀመሪያው ጽሑፍም የራሱ ማቀፊያ ታሪክ እንደ ነበረው ስለታየ ክርክሩ ቀድሞ እንደታሰበው ቀላል አይደለም። የሙርናው «የመጨረሻው ሰው» (እ.ኤ.አ. 1924) ደግሞ በግልጽ ይቀልዳል። የደንብ ልብሱን ተገፍፎ ወደ መጸዳጃ ቤት አገልጋይነት የወረደ የሆቴል በር ጠባቂ ታሪክ ነው፤ ታሪኩ ካለቀ በኋላ አንድ ጽሑፍ መጥቶ በእውነተኛው ዓለም ይህ ሽማግሌ ከሞት በቀር የሚጠብቀው እንደሌለ፣ ደራሲው ግን እንዳዘነለት ይናገራል። ከዚያ ሰውየው የማይታመን ውርስ አግኝቶ ሲበላና ሲጠጣ ይታያል። ደስታው እንደተጫነበት ፊልሙ ራሱ ስለተናገረ መልእክቱ አልፈረሰም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1934 እስከ 1960ዎቹ በጥብቅ ይሠራበት የነበረው የሄይስ ደንብ ወንጀለኛ ሳይቀጣ ፊልም እንዳያልቅ ያደርግ ነበር። «ዘ ባድ ሲድ» የተባለው ተውኔት ነፍሰ ገዳይዋ ሕፃን በሕይወት ቀርታ የሚያልቅ ሲሆን በ1956ቱ ፊልም መብረቅ መትቶ ይገድላታል፤ የአርስቶትል ሠረገላ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በ«ፌታል አትራክሽን» (እ.ኤ.አ. 1987) ደግሞ ያዘዘው ደንብ ሳይሆን የሙከራ ተመልካች ነው። በመጀመሪያው አጨራረስ ሴትዮዋ ራሷን ታጠፋለች፤ ተመልካቹ ስላልወደደው እንደገና ተቀርጾ የሰውየው ሚስት ተኩሳ ትገድላታለች። ስለ አንድ ባለትዳር ጥፋት የጀመረው ፊልም ቤተሰብን ከጭራቅ ስለ ማዳን ሆኖ ተጠናቀቀ።

በኢንተርኔት በሚሰራጭ ፊልም ላይ ለውጡ ይበልጥ ቀላል ነው፤ አዲስ ቀረጻም አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ «ፋይት ክለብ» በቻይናው ቴንሰንት ቪዲዮ ሲቀርብ ሕንፃዎች የሚፈነዱበት የመጨረሻ ትዕይንት ተቆርጦ ፖሊስ ሤራውን ደርሶበት ወንጀለኞቹን እንደያዘ የሚገልጽ ጽሑፍ ተተካበት። ተመልካቾች ካጉረመረሙ በኋላ የተቆረጠው አብዛኛው ክፍል ተመልሷል።

ክፍት መጨረሻ

ጥያቄውን ሳይመልስ የሚያበቃ ፊልም ክፍት መጨረሻ አለው ይባላል። በ«የብስክሌት ሌቦች» (እ.ኤ.አ. 1948) ብስክሌቱን የተሰረቀው አባት ራሱ ሊሰርቅ ሞክሮ በልጁ ፊት ይያዛል፤ ከተለቀቀ በኋላ ልጁ እጁን ይይዘውና ሕዝብ መካከል ይጠፋሉ። ብስክሌቱ አልተገኘም። ቢገኝ ኖሮ ፊልሙ ስለ አንድ ብስክሌት ብቻ ይሆን ነበር። የሴኔጋሉ ኡስማን ሴምቤን በ«ሙላዴ» (እ.ኤ.አ. 2004) የሴት ልጅ ግርዛትን የተቃወሙ ሴቶችን ድል ካሳየ በኋላ በመስጊዱ ጫፍ ላይ ያለውን የሰጎን እንቁላል በቴሌቪዥን አንቴና ይተካዋል። ሬዲዮኖቻቸው በሽማግሌዎች ትእዛዝ በእሳት የተቃጠሉባቸው ሴቶች መንደር ላይ አንቴና መታየቱ ብዙ ይናገራል። «ሙላዴ» ከ«ድፍረት» ጋር አብሮ ሊታይ የሚገባው ፊልም ነው፤ አንዱ ለውጡን የሚያመጣው ከመንደሩ ውስጥ፣ ሌላው ከከተማ ነው።

ከሐረርና ከድሬዳዋ አካባቢ የመጣው የቅርብ ምሳሌ የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳይ» (እ.ኤ.አ. 2021) ነው። በሐረር አካባቢ ስላለው የጫት ሕይወት የሚናገር ጥቁርና ነጭ ዘጋቢ ፊልም ሲሆን፣ አዘጋጇ በልጅነቷ ሐረር ኖራ የወጣች ናት። ጫት በዚህ አካባቢ የገበሬው ገቢ፣ የጫኚውና የሾፌሩ ደሞዝ፣ በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ንግድ፣ የወጣቱም ማምለጫ ነው፤ ሌላው ማምለጫ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ መሰደድ ነው። ፊልሙ «ጫት መጥፎ ነው» ብሎ አይዘጋም፣ «ባህላችን ነው» ብሎም አያሞግስም። ነገሩን ሳይፈታ ይተወዋል። ምክር የለመደ ተመልካች ይህን ጉድለት ሊለው ይችላል። ይሁን እንጂ ጫት የሚነቅል ገበሬ በምትኩ ምን እንደሚተክል መልስ በሌለበት አካባቢ፣ መልስ ያለው መጨረሻ ውሸት ይሆን ነበር።

ክፍትነት ሁልጊዜ ሐቀኝነት አይደለም። ታሪኩ በግልጽ የጠየቀውን ጥያቄ ደራሲው ለመመለስ ስለፈራ ብቻ በጭጋግ የሚያልቅ ፊልምም አለ። ልዩነቱን ለማወቅ ፊልሙ የተወው ጥያቄ ከመጀመሪያው ጀምሮ የያዘው ጥያቄ መሆኑን ማየት ይበቃል።

መጨረሻው ሳይታይ ሲቀር

ስለ ፍጻሜ የሚደረገው ውይይት ሁሉ ተመልካቹ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ያያል ብሎ ይነሣል። በኢትዮጵያ ይህ ሁልጊዜ አይሆንም። ብዙ ሰው የአማርኛ ፊልም የሚያየው በቴሌቪዥን፣ በስልክ በቁርጥራጭ፣ ወይም በረጅም ርቀት አውቶቡስ ውስጥ ነው። እውነተኛ ታሪክን የሚተርኩ ፊልሞች ከመጨረሻው ምስል በኋላ በጽሑፍ የሚያስቀምጡት ማብራሪያ፣ ማለትም ሰውየው ከዚያ ወዲህ ምን ደረሰበት፣ ሕጉስ መቼ ተለወጠ የሚለው፣ መብራት ሲበራና ሰው ሲነሣ የሚያልፍ ነው፤ በቴሌቪዥን ደግሞ ማስታወቂያ ይቀድመዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በሚሄድ አውቶቡስ ላይ ፊልም የተከፈተለት መንገደኛም አዋሽ ወይም ሚኤሶ ላይ ከወረደ የሚተርፈው የታሪኩ መካከል ብቻ ነው።